ነገ ትጥለው ነበር

ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ስደርስ እናቴ ዶሮ እየበለተች ነበር። ሆዷን ከፈተችና "ውይ፣ ጥላ ያበቃች መስሎኝ! ነገ ትጥለው ነበር" አለች። ውስጧ ቢጫ አስኳል ተንዠርግጓል። ትልቁ ሊጣል የደረሰ ነው። ቀጥሎ ያለው አነስ ይላል። ከዚያ ሽንብራ የሚያህል፣ ከዚያ ጤፍ የሚያህል፣ ቁጥር የለውም።

እኔ ደግሞ ሐሙስ ባሕር ዳር አልትራሳውንድ ታይቼ ነበር። 37 ዓመቴ ነው። ሐኪሟ ጥቋቁር ክቦች እያሳየች ዘጠኝ ቆጠረችልኝ። ፎሊክል ይባላሉ፤ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው። እንቁላሉ ውስጣቸው ነው፣ ግን አይታይም። የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ናት። ጤፍ አጠገቧ ቋጥኝ ነው።

እንቁላል በየወሩ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ እናቴ ሆድ ውስጥ እያለሁ አልቋል። በአምስተኛው ወር ግድም ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳል። ስንወለድ 1 ወይም 2 ሚሊዮን፣ የወር አበባ ሲጀምር ከ300 እስከ 400 ሺህ። ከዚህ ሁሉ በዕድሜ ልክ የሚወጣው 400 ወይም 500 ነው። ሌላው ዝም ብሎ ይከስማል። ማንም አላጠፋም። (ጎረቤት ግን ሁልጊዜ አጥፊ ይፈልጋል።)

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እንቁላሏ ክሮሞዞሟን (ዘር የሚወረስበትን መረጃ የተሸከሙትን ክሮች) ከ46 ወደ 23 ለማውረድ መከፈል ትጀምርና መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። የእኔዎቹ ሳልወለድ ነው የቆሙት። በየወሩ በርከት ያሉ ፎሊክሎች ያድጋሉ፤ አንዱ ቀድሞ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ሌሎቹ ይጠወልጋሉ። ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ ኤል ኤች የሚባለው ሆርሞን ሲጎርፍ ያ የቆመ ሥራ ይቀጥላል። ክፍፍሉ ደግሞ ፍርደ ገምድል ነው። ከሚወጡት ሁለት ሴሎች አንዷ ስንቁን ጠቅልላ ትይዛለች፣ ሌላዋ ክሮሞዞም ብቻ ይዛ ትገፋለች። ከዚያ እንደገና ቀጥ! የወንድ ዘር ካልገባ ክፍፍሉ አይጨረስም። የምትጠብቀውም አንድ ቀን ቢሆን ነው። 37 ዓመት የቆመ ነገር ሲከፈል ክሮሞዞም ቢያሳስት ምን ይገርማል?

"ሐኪሟ ምን አለችሽ?"

"አለሽ፣ ግን አትዘግዪ አለችኝ።"

እናቴ ወደ ዶሮዋ አየች። "እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው። የዶሮዋ በግራ በኩል ብቻ ነው እንጂ።"

ሳቀች። ልጆች ሳለን ይህን አስኳል ወጡ ውስጥ ቀቅላ የምትሰጠው ለትንሹ ልጅ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ ልጅ የለም። ትልቁን በጭልፋ አወጣችና በእኔ በኩል እንጀራው ላይ አስቀመጠችው።