ዳታ ሲጠፋ የሚቀር ጌም

ተማሪዎቹ አጠያየቃቸው አንድ ዓይነት ነው። «እህት፣ የሆነ አሪፍ ጌም የለሽም?» ይሉና ቅድመ ሁኔታውን ይደረድራሉ፤ ሚሞሪ የማይበላ፣ ኔትወርክ የማይፈልግ፣ ማስታወቂያ የማያበዛ፣ ቶሎ የማይሰለች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ወረቀት ብቻ አያባዛም። አሳይመንት ይጽፋል፣ ፍላሽ ከቫይረስ ያጸዳል፣ የጠፋ ፓስወርድ እንዲያገኝ ይለመናል፣ አፕ ይጭናል። እኔም በዚሁ ሰበብ የጌም አዋቂ ተብዬ ቀረሁ።

ሰበብ ብቻ ነው ማለት ግን አልችልም፤ እወዳለሁ። ክረምት ላይ ጅማ ዝናቡ ሲመጣ መብራቱን ይዞት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ኮፒ ማሽኑም ፕሪንተሩም ዝም ነው። በረንዳው ላይ የሚሰፉት ጋሼ ብቻ አይቆሙም፤ ሲንጀራቸው በእግር ነው የሚሰራው። እኔ ባንኮኒ ጀርባ እቀመጥና ስልኬን አወጣለሁ። እናቴ ይህን ስታይ «አሁንም እዚያ እባብሽ ላይ ነሽ?» ትለኛለች። ለእሷ የስልክ ጨዋታ ማለት የድሮው ኖኪያ ላይ የነበረው እባብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ኖኪያ 6110 ላይ የመጣው፣ እህል እየለቀመ የሚረዝመው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ከመጡት ስንቶቹ ይበልጡታል የሚለውን ደፍሬ አልመልስላትም።

ፕሌይስቶር ላይ ጨዋታ መፈለግ የሚያደክም ነገር ነው። ላይ ላዩን የሚደረደሩት ሁሉ ብዙ ሰው ያወረዳቸው ናቸው፤ ብዙ ሰው ያወረዳቸው ደግሞ ለማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ናቸው። ማስታወቂያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዘንጎቹን በቅደም ተከተል ሳቢ፣ ውሃው ወደዚህ፣ እሳቱ ወደዚያ፣ ሰውየውን አድኚው። ደግሞ የሚጫወተው እጅ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ አንቺን አናዶ እንዲያስጭንሽ። ስትጭኚው ዘንግ የሚባል ነገር የለም፣ ከረሜላ ማዛመድ ነው። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለት ታዋቂ ጌሞችን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ አግዶ ነበር። እኛ ጋ ግን እስካሁን ዘንጉ እየተሳበ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቅጂው አለ። ቁጥሮችን እየገፉ የሚያዋህዱበትን ጌም «2048» ብለሽ ፈልጊ፤ ስፍር ቁጥር የለውም። ዋናውን የሰራው ጋብሪዬሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሰርቶ በነጻ ለቀቀው፣ ኮዱንም ጭምር። ለእሱ መነሻ የሆኑት ጌሞች ራሳቸው «ትሪስ» የሚባለውን ጌም ተከትለው የመጡ ነበሩ። የትሪስ ሰሪዎች ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሲያሹት፣ ሲቀንሱለት፣ እንደገና ሲያፈርሱት ነው የከረሙት። ጌማቸው በወጣ በሳምንታት ውስጥ ዓለም በነጻው ተጥለቀለቀ። የሁለቱንም ልፋት ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ ሰሌዳ ወስዶ፣ በየሦስት እንቅስቃሴው ማስታወቂያ ለጥፎበት፣ ዛሬ ከላይ ተቀምጧል።

የኔ ማጣሪያ እንግዲህ የመጣው ከብልህነት አይደለም፣ ከፓኬጅ ማለቅ ነው። አንድ ጌም ከጫንኩ በኋላ ዳታውን አጠፋና እከፍተዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳንዱ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ብቻዬን የምጫወተው ጌም ኢንተርኔት ለምን ያስፈልገዋል? አንዳንዱ ይከፈትና ትንሽ ቆይቶ «ኢነርጂሽ አልቋል፣ ቪዲዮ አይተሽ ሙዪ» ይላል። አንዳንዱ የዕለት ስጦታዬን እንድወስድ ይለምነኛል፣ ካልወሰድኩ እስካሁን ያጠራቀምኩት እንደሚቃጠል እያስፈራራ። ጌሙ እንደ ዕቁብ በየቀኑ የሚጣል ነገር ሆነ ማለት ነው። ዳታ ሲጠፋ እነዚህ ሁሉ ይራገፋሉ። መጀመሪያ ገንዘቤን ለመቆጠብ የጀመርኩት ነገር ነበር፤ እየቆየሁ ሳየው ግን መረብ ከሌለ መቆም የማይችለው ጌም አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ራሱ ባዶ የሆነበት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከሥራዬ የመጣ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ ስልኩን እንዳለ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ መነሳት እችላለሁ ወይ? «ቆይ አንዴ» የሚያስብል ጌም የሥራ ጠላት ነው።

በሁለቱም አልፈው ከቀሩት የምወደው አንድ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር የሰራው የእንቆቅልሽ ስብስብ ነው። ሳይመን ታተም ይባላል፤ ኔትወርክ የሚማሩት ልጆች ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ከርቀት የሚያገናኘውን «ፑቲ» የሚባለውን ፕሮግራም ስለሚያውቁት ያንኑ የሰራው ሰው ነው ስላቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ወደ 40 የሚጠጉ ጨዋታዎች በጥቂት ሜጋባይት ውስጥ። ማስታወቂያ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ደረጃ የለም፣ «ጎበዝ!» እያለ የሚያጨበጭብ የለም። መልኩ አስቀያሚ ነው፤ ግራጫ መስመርና ቁጥር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሲያዩት «ይሄ ምንድን ነው፣ የሒሳብ ፈተና ነው?» ይሉኛል።

ድልድይ የሚባለውን ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ ደሴቶች አሉ፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ከዚያ ደሴት የሚነሱት ድልድዮች ስንት እንደሆኑ ነው የሚናገረው። በሁለት ደሴቶች መካከል ከሁለት በላይ ድልድይ አይቻልም፣ ድልድዮች አይቋረጡም፣ በመጨረሻም ሁሉም ደሴት መገናኘት አለበት። 8 ካየሁ አላስብም፤ በአራቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት። ጥግ ላይ 4 ካለም እንዲሁ፣ ሁለት ወደ ጎን፣ ሁለት ወደ ታች። ችግሩ መሐል ላይ ያሉት 3ቶች ናቸው። አንዱን 3 ትቼው እዞራለሁ፣ ከሌላ በኩል አንድ ድልድይ መንገዱን ሲዘጋው ያ 3 በድንገት አንድ መልስ ብቻ ይቀረዋል። ያ ቅጽበት ነው የሚያስደስተኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ኮይን አልሰጠኝም፣ ገብቶኝ ነው።

እዚያው ስብስብ ውስጥ ፈንጂ ፍለጋ አለ፣ የድሮ ኮምፒውተር ላይ የነበረው። ከኮምፒውተሩ የሚለየው ሰሌዳውን ሲያዘጋጅ በማሰብ ብቻ መፈታት እንዲችል አድርጎ መሆኑ ነው። በዚያኛው መጨረሻ ላይ ሁለት ሳጥን ቀርቶ ዓይንን ጨፍኖ ዕድልን መሞከር ነበር፤ እዚህ ከሞትሽ አላሰብሽም ማለት ነው። ሰውየው ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል መጨነቁ ይገርመኛል።

ሌላው «ሻተርድ ፒክስል ደንጀን» ነው። ጀግናሽን ይዘሽ ወደ ምድር ቤት ትወርጃለሽ፣ ፎቅ በፎቅ ወደ ታች። በየጊዜው ሲጀመር ክፍሎቹ ይለወጣሉ፣ የብልቃጦቹ ቀለምም ይለወጣል፤ ባለፈው ያዳነሽ ሰማያዊ ብልቃጥ ዛሬ ስትጠጪው በእሳት ሊያጋይሽ ይችላል። ከሞትሽ ከዜሮ ነው፤ በብር የሚገዛ ነፍስ የለም። ግን አንቺ ካልተንቀሳቀስሽ ጭራቁም አይንቀሳቀስም። ባለፈው አምስተኛው ፎቅ ላይ ያለው አተላ የመሰለ ጭራቅ ፊቴ ቆሞ እያለ አንዲት ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። ጠረዝኩላት፣ መልስ ሰጠኋት፣ ስመለስ ጭራቁ እንደተገተረ ነው። ከዚያ ገደለኝ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እነዚህን ከየት አመጣሽ ለሚለኝ፣ ኤፍድሮይድ ከሚባለው ነው። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ አፖችን ብቻ የሚያስቀምጥ መደብር ነው፤ አንዱ አፕ ማስታወቂያ ወይም የሚከታተል ነገር ካለው ገጹ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። ስክሪኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ለለመደ ሰው ባዶ ቤት ሊመስለው ይችላል። የሚከፈልበትን ጌም «ሞድ» ወይም «ክራክ» አድርገሽ፣ ማለትም መክፈያውን ሰብረሽ፣ ጫኚልኝ የሚሉም አሉ። አልጭንም። ክፉ ስለሆንኩ አይደለም፤ እነዚያ ስልኮች በሳምንታቸው «ሳልነካው ማስታወቂያ ይከፍታል» ተብለው ወደ እኔው ነው የሚመለሱት።

ማጣሪያዬ የሚጥላቸው መልካም ነገሮች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንድ ጥሩ ጌም አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘላለም የራስ የሚሆን ነው፤ «ሞኑመንት ቫሊ»ን የአጎቴ ልጅ ስልክ ላይ አይቼዋለሁ፤ ደረጃው ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ታች የሚወርድበት፣ ግንቡን ስታዞሪው የማይገናኘው የሚገናኝበት። ብከፍልበት ደስ ይለኛል። የኔ የባንክ ካርድ ግን ውጭ አገር አይከፍልም። ነጻ የሚባለው አብዛኛው በጊዜዬ ያስከፍለኛል፣ በብር የሚሸጠውን ደግሞ ብሬ አይገዛውም።

ከሁሉም የሚከብደኝ የወንድሜ ነገር ነው። ፍሪ ፋየር የሚባለውን የተኩስ ጌም ነው የሚጫወተው፤ ያለ ኔትወርክ አንድ ደቂቃ አይሰራም፣ ደንበኛ ቢመጣ አይቆምም፣ ስለዚህ በሁለቱም ጥያቄዬ ይወድቃል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የተዘጋ ሳጥን የሚገዛባቸው ጌሞችም እንዳሉ ነግሬዋለሁ፤ የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነቱን ሳጥን ሕገ ወጥ ቁማር ነው ማለቱንም ጨምሬ። «እኔ ሳጥን አልገዛም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይገዛም። «አንቺ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?» ብሎ ጠየቀኝ ደግሞ። ጓደኛው አጋሮ ነው፣ አንዱ ቦንጋ፣ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ማታ ማታ እየተሳደቡ አብረው ናቸው።

ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው፣ በሌላ አነጋገር። እሳቸው ከጎረቤት ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ሰሌዳው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ፣ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ፣ የአንደኛው ወገን ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች። አንድ ቀን ዝናብ የጨዋታ አጋራቸውን ሲያስቀርባቸው ስልኬ ላይ የዳማ አፕ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ሁለቴ አሸነፉት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሲሸነፍ ይናደዳል?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ አይናደድም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ብቻ ዳታ ከፍቼ እጫወታለሁ፤ ሊቼስ ላይ ቼዝ፣ አዳማ ካለው የእህቴ ባል ጋር። ሊቼስ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ክፍያ፣ በሰዎች መዋጮ የሚሰራ ነው። እዚያ ላይ በአንድ እንቅስቃሴ ቀናት መስጠት ይቻላል። ዳታ እከፍታለሁ፣ ፈረሴን አንቀሳቅሳለሁ፣ እዘጋለሁ። እሱ ከሥራ ሲወጣ ይመልስልኛል። የሚበላው ዳታ ከአንድ ፎቶ ያንሳል፣ ሲሸነፍ ደግሞ ይናደዳል፤ እህቴ ትነግረኛለች።

እኛም የራሳችን የቼዝ ዓይነት ነበረን፣ ሰንጠረዥ። መኳንንቱ የሚጫወቱት። የሚገርመው መጀመሪያው ነው፤ ወረራ ይባላል። ተራ የለም። ሁለቱም በአንዴ፣ የፈለጉትን ያህል፣ እጃቸው እስከቻለ ድረስ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ይህ በሁለት ስልክ ላይ እንዴት እንደሚያምር አስቡት፤ በብሉቱዝ፣ ያለ ዳታ፣ ሁለት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ። አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ ገበጣን ሰርተዋል፣ ከገበሬ የምታመልጠዋን ዶሮ ኩኩሉንም፤ ሰንጠረዥን ግን በስልክ ላይ አላየሁም።

ትናንት አንድ የሶፍትዌር ተማሪ የፕሮጀክት ርዕስ አጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ ሲያማርር ይህን ነገርኩት። ወረራን ሁለቴ አስደገመኝ። የተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ሰሌዳውን ሳለ፣ የሁለቱ ስልኮች ሰዓት እንዴት እንደሚናበብ ለራሱ እያጉተመተመ ቀስት አሰመረ፣ ፊቱ በራ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ከበሩ ተመለሰ።

«እህት፣ ማስታወቂያው ግን ቢመጣ የሚሻለው ከወረራው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»