ከወንበሩ በስተቀኝ ያለችው ጭስ

እማማ መጀመሪያ የስልካቸውን መስታወት በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። አልጠራም። መነጽራቸውን አውልቀው እፍ እፍ አሉበትና እሱንም ጠረጉ። አሁንም ያው ነው። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩኝና በዚያ በሚያባብል ድምፃቸው፣

«ልጄ፣ የዚያን ዕለት ጭጋግ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

በዓሉ የተከበረው አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ።

ከዚያ ወዲህ ይህች ጥያቄ ለቃኝ አታውቅም። ፊቴን ስታጠብ ትመጣለች፤ ልተኛ ጋደም ስል ትመጣለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አይጠፋም። እማማ ግን የጠየቁት ከልባቸው ነው። ስልካቸውን ጠረጠሩ፣ ዓይናቸውን ጠረጠሩ፣ የአየር ጠባዩን ጠረጠሩ፤ ፎቶውን ያነሳሁትን እኔን ለመጠርጠር ግን አንጀታቸው አልጨከነም። እኔም «አዎ እማማ፣ ጉም ቢጤ ነበር» ብዬ ሹልክ አልኩ።

ለመሆኑ ካሜራ ያለው ሰው በእንግድነት ተጠርቶ ያውቃል? «ና እንጂ፣ አብረን እንድንደሰት ነው» ይሉሃል፤ ዞር ስትል «ካሜራዋን እንዳትረሳት!» የምትል ድምፅ ትከተልሃለች። ሰፈራችን ውስጥ ሐኪም አለ፤ «ስትመጣ መርፌህን ያዝ» ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። የሒሳብ ሠራተኛውን ማንም ከጭፈራው መሃል ጎትቶ ደሞዜን ደምርልኝ አላለውም። እኔ ግን ገና በሩን ሳልፍ «እስቲ እነዚህን አንሳቸው»፣ «ኧረ እኛንስ?»፣ «ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ድገመው» ይጀመራል። ሌላው ሲጨፍር እኔ ተንበርክኬ ነው የማመሸው። በማግስቱ እንኳ እንዴት አደርክ የለም፣ «ፎቶው የታለ?» ብቻ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ፎቶ ላይ የማልታየው እኔ አንዱ ነኝ።

እርግጥ በዚህኛው በዓል ላይ ሌሎቹም አይታዩም።

ምሽቱን ግን ንጉሥ ነበርኩ። የካሜራዋ የኋላ መስታወት 3 ኢንች ናት፤ በ3 ኢንች ላይ ደግሞ ደብዛዛ የሚባል ፎቶ የለም። ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም ጥርት ያለ ነው። ሰዉ በትከሻዬ ላይ እያጮለቀ «ውይ ሲያምር!» ሲለኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ «ኧረ ካሜራዋ ነች እንጂ» እል ነበር። ያቺን ትሕትናዬን ሳስባት ሆዴን ትቆርጠኛለች። ከመስታወቷ አጠገብ ምስሉን የምታጎላ ቁልፍ አለች። አንዴ ተጭኜ የአንዱን እንግዳ ዓይን አቅርቤ ባየው ኖሮ ጉዱ እዚያው ይወጣ ነበር። ግን እየተሞገሰ ማስረጃ የሚፈልግ ማን ነው?

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ሕዝቡ የለም።

ማለቴ፣ አለ፤ ያለው ግን ቀለም ቀለሙ ነው። ቀይ ነገር ይወዛወዛል፣ ቢጫ ነገር ያጨበጭባል፣ ሊቀመንበሩ በቆሙበት ቦታ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ንግግር ያደርጋል። የሚቀጥለውን ከፈትኩ፤ ያው። የሚቀጥለውን፤ ያው። እንዲህ እያልኩ ስወርድ ነው በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ነገር ብቻ ኩልል ብሎ እንደወጣ ያስተዋልኩት።

ወንበር።

አዳራሹ ጥግ፣ ጥቁሩ መጋረጃ ሥር የተቀመጠ፣ ማንም ያልፈለገው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር። አንድ እግሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው አምስት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ ይቆጠራል። ጫፉ ዝጓል። መቀመጫው ጠርዝ ላይ አንዱ የለጠፋት ማስቲካ አለች። ማስቲካዋ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አሻራው መስመር በመስመር ይታያል፤ ፖሊስ ቢፈልግ ሰውየውን ይይዝበታል።

ሪባኑ ሲቆረጥ፣ መቀሱ ጉም፣ ሪባኑ ጉም፣ ወንበሩ ግን የዓይን ብሌን። ሕፃናቱ መዝሙር ሲያቀርቡ፣ ከፊት የተሰለፉ ትንንሽ ደመናዎች፣ ከኋላቸው ወንበሩ። ለታላላቆቻችን ስጦታ ሲበረከት፣ ጉም ለጉም ስጦታ ይሰጣል፣ ወንበሩ ይመሰክራል። አንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ሊቀመጡበት ጎንበስ ብለዋል። በዚያ ምሽት ጥርት ብሎ የወጣ ብቸኛ የሰው አካል የእርሳቸው ነው። የትኛው አካል እንደሆነ አልናገርም፤ ባለትዳር ናቸው።

«ፎቶው የታለ?» ሲበዛብኝ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንዱ ወንበሩን ብቻ ቆርጦ አወጣና «ሊቀመንበራችን አምሮባቸዋል» ብሎ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው? «እግሩን ምን ሆኖ ነው? ማንም ሳይጠይቀው!» «ይሄ ልጅ ግን አላገባም?» አንዷ ጎረቤታችን የምሯን «እኔ ግን የታለሁ?» ብላ ጻፈች። ለዚያ ቀን ብላ ልብስ እንዳሰፋች ሁላችንም እናውቃለን። መልሱ ወዲያው መጣ፣ «ከወንበሩ በስተቀኝ ያለችው ጭስ አንቺ ነሽ።»

እኔም ዝም አላልኩም። «ግሩፕ ላይ ሲላክ ይጨመቃል፤ ኦሪጅናሉ እንዲህ አይደለም» አልኳቸው። መጨመቁ እኮ እውነት ነው! «እንግዲያው በፋይል ላክልን» አሉኝ። ላክሁ። እስከዚያ ድረስ በመጠኑ ተሸፋፍኖ የነበረው ድብዘዛ አሁን በ24 ሜጋፒክስል፣ ምንም ሳይቀነስለት ደረሳቸው። የማስቲካዋን አሻራ ያገኙትም ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ፣ ያውም በዚያው ምሽት በስልኩ ያነሳቸው ፎቶዎች ቅንድብ የሚያስቆጥሩ፣ የድምፅ መልእክት ላከ። ለእኔ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት። «ጋሼ፣ ምን መሰለዎት…» ብሎ ጀመረ። ጋሼ! ወንበሩን እንኳ «ይሄ ልጅ» ነው ያሉት።

እንደ እርሱ አባባል፣ ስክሪኑን በሙሉ ለአውቶፎከሱ፣ ማለትም በራሱ አነጣጥሮ ለሚያጠራው የካሜራው ክፍል፣ ከለቀቁለት ጨለማና ብርሃን ጎላ ብለው የሚለያዩበትን ጠርዝ ፈልጎ ይይዛል። ጥቁር መጋረጃ ፊት ከተቀመጠ ነጭ ወንበር የበለጠ ምን ይመቸዋል? ፊት የሚለይ ካሜራ እንኳ ሰውየው ዞር ካለ፣ ጥላ ካረፈበት፣ ወይም የሚያጨበጭብ እጅ ከከለለው ይጠፋበታል። ስለዚህ አንዷን ነጥብ ብቻ መርጦ ዓይን ላይ መጣል ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ከሆነ ደግሞ አንዴ ይዞ የሚቆመውን ፎከስ ትቶ እየተከተለ የሚያስተካክለውን መጠቀም፤ ካኖን ላይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ ሲ የሚባለውን።

«ደግሞ ሻተርዎን አየሁት» አለ ልጁ። ካሜራዋ ለብርሃን ተከፍታ የምትቆይበትን ጊዜ ማለቱ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ለካ! ሁሉም 1/60 ሰከንድ ነው። በ1/60 ረጋ ብሎ የቆመ ሰው ይነሳ ይሆናል እንጂ የሚጨፍር ሰው አይነሳም። ጭፈራ ቢያንስ 1/250 ይፈልጋል፤ የሚዘል ልጅ 1/500። ወንበሩስ ለምን ጠራ? አይጨፍርማ! «ሌንሴ እኮ የመንቀጥቀጥ መከላከያ አለው» ብዬ መለስኩ። «እሱ የእርስዎን እጅ ነው የሚያረጋጋው፤ የእትዬን ትከሻ ማን ያረጋጋላቸዋል?» አለኝ። ይህችን መልስ ሰባ ሰው በልብ ምልክት አጨበጨበላት። ግሩፑ ውስጥ ሰባ ሰው መኖሩንም ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ መዋጮ ሲጠየቅ ስምንት ነን።

አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ንቃት፣ ከ800 ወደ 3200 ባወጣው በዚያው ብርሃን ሻተሩ ከ1/60 ወደ 1/250 ግድም ይወጣልኝ ነበር አለ። አውቃለሁ! እኔ የፈራሁት አሸዋ የተበተነበት የሚመስለውን ነገር ነው። አሸዋውንስ ኮምፒውተር ላይ መቀነስ ይቻላል፤ የጨፈረን ሰው ወደ ቦታህ ተመለስ የሚል ፕሮግራም ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የልጁ ስልክ ነገር ሌላ ቁስል ነው። ብርሃን የምትቀበለው ሴንሰሯ ጥፍር የምታክል ስለሆነች ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጠራላታል። ደግሞ አንዴ ሲነኳት ብዙ ፍሬም በተከታታይ ወስዳ፣ አዋህዳ፣ አስተካክላ ትሰጣለች። ልጁ በአንድ እጁ ፊኛ ይዞ ነበር ያነሳው። እኔ አንገቴ ላይ ያን ሁሉ ብረት አንጠልጥዬ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ ወንበር አነሳሁ።

የሞት ሽረት ሙከራ ብዬ ታሪክ ጠቀስኩላቸው። እ.ኤ.አ. በ1838 ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ከመስኮቱ ሆኖ አንድ የፓሪስ ጎዳና አነሳ። ጎዳናው ጋሪና እግረኛ የሚርመሰመስበት ነበር፤ ምስሉ ላይ ግን ጭር ብሏል። ካሜራው ለደቂቃዎች ተከፍቶ ስለሚቆይ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ሳይያዝ ቀረ። የተረፈው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አስቀምጦ የቆመ አንድ ሰው ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በፎቶ ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እየተባለ ይነገርለታል። «ታዲያ የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? እሱም ሊስትሮ ጋ የቆመውን ብቻ ነው ያስቀረው» ብዬ ጻፍኩ።

«የእሱ ሰው ነበር» አለኝ አንዱ።

«ፍላሽስ?» ደግሞ አሉኝ። ፍላሹን ማን አስጠፋኝና! በሊቀመንበሩ ንግግር መሃል ሁለቴ ብልጭ ሲልባቸው የሚያነቡት መስመር ጠፍቷቸው ከ«ክቡራንና ክቡራት» ጀመሩት፤ ሕዝቡም እንደገና አጨበጨበ። የኮሚቴው ጸሐፊ ጆሮዬ ሥር መጥተው «ያንን መብረቅ አጥፋልን» ብለውኛል። ያ መብረቅ እኮ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ ጨፋሪን አየር ላይ ቀጥ ያደርግልኝ ነበር። ይህን ስናገር የሚያስታውስ ጠፋ። ለነገሩ ንግግሩንስ ማን አዳምጦታል?

ከሁሉ ያንገበገበችኝ የቡድን ፎቶዋ ናት። እዚያ ላይ እንኳ ማንም አልጨፈረም። «ቁሙልኝ» ስላቸው ለጉርድ ፎቶ የቀረቡ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ በሦስት ረድፍ ቆሙልኝ። 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ብርሃን ያስገባልኝ ብዬ እስከ ኤፍ 1.8 ከፍቼዋለሁ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። እንዲያ ሲከፈት ጥርት የሚለው ጥልቀት ይቀጥናል፤ ሁለት ሜትር ላይ ለቆመ ሰው አንድ ስንዝር አይሞላም። ሦስት ረድፍ ሰው በስንዝር አይዳረስም፤ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ይፈልጋል፤ ሰዉ እስከቆመ ድረስ ሻተሩ ቢዘገይም ግድ የለም። ቢያንስ አንዱ ረድፍ እንኳ በደረሰኝ! በሁለተኛው ረድፍ፣ በሁለት ሰዎች ትከሻ መካከል፣ እጅ የማታሳልፍ ክፍተት ነበረች። ካሜራዬ በዚያች አጮልቃ ወንበሩን አገኘችው።

አሁን የግሩፑ ፕሮፋይል ፎቶ ወንበሩ ነው። ስቲከርም ወጥቶለታል፤ ስብሰባ ሲጠራ «እገኛለሁ» በማለት ፈንታ ወንበሩን ይልካሉ። ለሚመጣው በዓል ኮሚቴው የሥራ ድልድል አውጥቷል። ፎቶ የሚለው ፊት የዚያ ልጅ ስም አለ። የእኔን ስም ከላይ እስከ ታች ፈልጌ ያገኘሁት «ወንበር ማቅረብና መደርደር» ከሚለው ሥር ነው። ተቃውሞዬን ይዤ ጸሐፊው ጋ ሄድኩ። መዝገባቸውን ሳይከድኑ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«ወንበር እንዳንተ የሚያውቅ ሌላ ማን አለን?» አሉኝ።