በቀን ስንት ካሎሪ? የእንጀራና የዘይት ሂሳብ

ኪሎ ለመቀነስ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚበላ የጠየቀ ሁሉ «1,200» ይባላል። ረጅም ይሁን አጭር፣ ቀኑን ወንበር ላይ ይዋል ወይ ብሎኬት ሲሸከም፣ መልሱ ያው ነው። ይህ ቁጥር ያናድደኛል። 1,200 ለሴት፣ 1,500 ለወንድ፣ ያለ ሐኪም ክትትል ከዚህ በታች አትውረዱ የሚባልበት ወለል ነው እንጂ ሁሉም ሰው የሚበላው መጠን አይደለም።

መነሻ ቁጥር ለማግኘት በ1990 የወጣው የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር ይበቃል። ሰውነት ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል የሚያቃጥለውን ይገምታል። ክብደትን በኪሎ አድርጎ በ10 ማባዛት፣ ቁመትን በሳንቲ ሜትር አድርጎ በ6.25 ማባዛትና ሁለቱን መደመር፤ ከዚያ ላይ ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ። ለወንድ በመጨረሻ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል። 34 ዓመቷ፣ 78 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመቷ 162 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴት እንውሰድ። 780 ሲደመር 1,012፣ ሲቀነስ 170፣ ሲቀነስ 161፤ 1,460 ገደማ ይመጣል።

ይህ በእንቅስቃሴ መጠን ይባዛል፤ ሰው ራሱን የሚደልለውም እዚህ ላይ ነው። ከቤት ታክሲ፣ ከታክሲ ቢሮ ለሚል ሰው ማባዣው 1.2 ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ቀለል ያለ ስፖርት ለሚሠራ 1.375፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ደህና አድርጎ ለሚሠራ 1.55። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወት ሁሉ 1.55ን ይመርጣል። ለዚህች ሴት በ1.2 እና በ1.55 መካከል ያለው ልዩነት ወደ 510 ካሎሪ ነው፤ ልትቀንሰው ያሰበችውን በሙሉ በአንድ ምርጫ ልትበላው ትችላለች ማለት ነው። ቢሮ እየዋለች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የምትራመድ ከሆነ 1.3 ይበቃታል፤ 1,900 ገደማ። የእርምጃው ድርሻ ማባዣው ውስጥ ገብቷል፤ የእጅ ሰዓቱ «250 አቃጠልሽ» ስላላት ያንን መልሳ መብላት የለባትም።

ከ1,900 ላይ 400 ቢነሳ 1,500 ይቀራል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ በቀን 400 ማጉደል በሳምንት ወደ 360 ግራም ያመጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን በሳምንት ሁለት ኪሎ ስብ ለማውረድ በየቀኑ 2,200 ማጉደል ያስፈልጋል፤ ይቺ ሴት ደግሞ በቀን የምታቃጥለው በሙሉ ያን ያህል አይሞላም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግምት ነው። እውነተኛው ሥራ ወጥ ቤት ነው፤ ለዚያም ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። «አንድ እንጀራ ስንት ካሎሪ ነው?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ የአንዱ ቤት እንጀራ ከሌላው በእጥፍ ሊከብድ ይችላል። ቤት የሚጋግር ሰው ከዱቄቱ ይነሳ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 360 ካሎሪ ገደማ ስላለው 5 ኪሎው 18,000 ነው። ውሃው ምንም አይጨምርም። ሊጡ 35 እንጀራ ከወጣው እያንዳንዱ ወደ 515 ነው፣ 45 ከወጣው 400። ገዝቶ የሚበላ ደግሞ መዝኖ፣ እንደ እርጥበቱ ለ100 ግራም ከ130 እስከ 160 ይያዝ። ውጭ አገር ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት የሚጋገረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የዱቄቶቹ ካሎሪ ተቀራራቢ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው ማሸጊያው ላይ ሁለት ቁጥር ሲያይ እንዳይደናገጥ፤ ትልቁ ኪሎ ጁል ነው፣ ለ4.184 ሲካፈል ኪሎ ካሎሪው ይመጣል፤ እዚህ ካሎሪ የምንለው እሱኑ ነው።

ወጡ የሚለካው በድስት ነው። ባዶው ድስት አስቀድሞ ይመዘንና ክብደቱ ይጻፍ። ከዚያ የሚገባው ሁሉ በጥሬው፦ 150 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ 540 ካሎሪ ገደማ፤ 300 ግራም ሽንኩርት፣ 120፤ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 600። ድምሩ 1,260። ሲበስል ድስቱ ከነወጡ ተመዝኖ የባዶው ክብደት ይቀነሳል። 1,250 ግራም ወጥ ቢቀር፣ በ100 ግራም 100 ካሎሪ ነው ማለት ነው። አንድ ጭልፋ 200 ግራም ከያዘ 200። እዚህ ወጥ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ካሎሪ የመጣው ከዘይቱ ነው። ዘይቱ ወደ ሁለት ማንኪያ ቢወርድ ያው ሽሮ በ100 ግራም ወደ 75 ይወርዳል፤ ጣዕሙም ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ከተቁላላ ብዙ አይጎዳም።

ዘይት በዓይን መገመት አይቻልም። ቁሌቱ ያዝ ባደረገ ቁጥር ከጠርሙሱ ጠብ የምትደረገዋን ማንም አይቆጥራትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠርሙሱን ከማብሰል በፊትና በኋላ መመዘን፣ የጎደለውን ግራም በ9 ማባዛት። ንጥር ቅቤም ከነዕቃው እንደዚያው ይመዘናል።

ትሪ ዙሪያ ቀርቦ አብሮ የሚበላ ሰው ይቸገራል፤ ማን የቱን ያህል እንደበላ አይታወቅም። በአዘቦት ቀን በራስ ሳህን መብላት፣ በግብዣ ቀን ደግሞ መገመት ይሻላል ባይ ነኝ። 25 ግራም እንጀራና 25 ግራም ወጥ የያዘች ጉርሻ 60 ካሎሪ አካባቢ ናት፤ ሦስት ተከታትለው ሲመጡ 180። እምቢ ይባል አልልም፣ ይቆጠር እንጂ። ሻይ ላይ የሚጨመር አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው፣ ክምሩ ወደ 25። 30 ግራም ኦቾሎኒ 170 ያልፋል።

ሚዛን ላይ የሚወጣው ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይናገርም፤ የሰባት ቀን አማካይ ከቀጣዩ ሰባት ቀን አማካይ ጋር ይነጻጸር። በዓል ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ፋሲካ ተፈስኮ በሁለተኛው ቀን ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢጨምር ስብ አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ስብ ለመሥራት ከሚያስፈልገው በላይ 15,400 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል። ጨው የያዘው ውሃና ገና አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሰሞንም እንዲሁ ውሃ ይያዛል፤ ስለዚህ እነሱ ወርን ከወር ቢያነጻጽሩ ይሻላል። በተቃራኒው ጾም ላይ «ሥጋ አልበላሁም፣ ለምን ጨመርኩ?» የሚል ሰው ምስሩ ላይ የፈሰሰውን ዘይትና የማታውን ዳቦ ይይ።

ከ28 ቀን በኋላ ቀመሩ ይተዋል። ያቺ ሴት በአማካይ 1,500 በልታ 1.2 ኪሎ ብትቀንስ፣ 1.2 በ7,700 ተባዝቶ ለ28 ሲካፈል 330 ይሆናል። 1,500 ሲደመር 330፣ 1,830። ክብደቷን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚይዝላት እውነተኛው ቁጥር ይህ ነው፤ ቀመሩ 70 አስበልጦ ነበር። ቀጣዩ ቅናሽ ከ1,830 ይነሳል።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ይህን ሂሳብ ከሐኪሙ ጋር እንጂ ብቻውን አይሥራው፤ ምግብ ተቀንሶ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ የደም ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል።

አምስት ኪሎ ከወረደ በኋላ ሂሳቡ እንደገና ይሠራል፤ በቀመሩ የሚለወጠው 65 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አማካዩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከምግቡ ከመቀነስ በፊት ለአንድ ሳምንት ሁሉንም ነገር እንደገና መመዘን፤ አብዛኛውን ጊዜ የማንኪያው መጠን ሳይታወቅ አድጎ ይገኛል። ልኩ ትክክል ሆኖ ካልወረደ ከ100 እስከ 150 ማንሳት ይቻላል። ያ ቁጥሩን ከወለሉ በታች የሚያወርደው ከሆነ ግን ምግቡ ይቆይና እርምጃ ይጨመር፤ 73 ኪሎ ለደረሰች ሴት ተጨማሪ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣታል።