ሎጋሪዝም፦ ሦስተኛ ሳምንቴ

ቡሬ ከሱቄ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና በግል ለመፈተን እየተዘጋጀሁ ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደብተሬን እከፍታለሁ፣ ማታ ደግሞ ሱቁን ዘግቼ እቀጥላለሁ።

ሎጋሪዝም (ሎግ) ማለት ቤዝ የሚባለው ቁጥር በስንት ፓወር የምንፈልገውን ቁጥር እንደሚሰጥ ነው፤ 10 ፓወር 2 (10 × 10) 100 ስለሆነ፣ በቤዝ 10 የ100 ሎግ 2 ነው። ቤዙ ካልተጻፈ 10 ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሎጋሪዝምን ሕጎች በቃሌ ለመያዝ ታገልኩ። አንዱን ስይዝ ሌላው ይጠፋብኛል። ያነቃኝ ይህ ጥያቄ ነው፦

ሎግ 8 + 2 ሎግ 5 − ሎግ 2

2ን ከ5 ጋር አባዝቼ ሎግ 10 አደረግኩት፤ መጨረሻ ላይ ሎግ 40 ወጣልኝ። መልሱ ግን 2 ነው። ደጋግሜ ሳየው ነገሩ ተገለጠልኝ፤ 2 ሎግ 5 ማለት ሎግ 5 + ሎግ 5 ነው። ሎግ ሲደመር ደግሞ ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ይባዛሉ፤ ስለዚህ 5 × 5፣ ሎግ 25 ይሆናል። የፓወሩን ሕግ ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ቀሪው ቀላል ነው፦ 8 × 25 = 200፤ መቀነሱ ማካፈል ስለሆነ 200 ÷ 2 = 100፤ ሎግ 100 ደግሞ 2።

መደመሩ ለምን ማባዛት እንደሚሆን በዜሮ ቁጠሩት። 100 በ1000 ሲባዛ 100000 ነው፤ ዜሮዎቹ 2 + 3 = 5። የ10፣ የ100፣ የ1000 ሎግ የዜሮዎቹ ብዛት ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ያሳተመው ትልልቅ ማባዛትን ወደ መደመር ለማውረድ ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሕጎቹ ባዕድ አልሆኑብኝም።

ተጠንቀቁ የምላችሁ ሎግ ለሎግ ሲካፈል ነው። በቤዝ 8 የ32ን ሎግ ስፈልግ ሎግ 32 ÷ ሎግ 8 ብዬ ጻፍኩ፤ እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ 32ን ለ8 አካፍዬ፣ በቤዝ 2 ሎግ 4 ነው ብዬ 2 አልኩ። 8 ፓወር 2 ግን 64 ነው እንጂ 32 አይደለም! መቀነስና ማካፈል ተምታተውብኝ ነው። በቤዝ 2 ሁለቱን ለየብቻ ማውጣት ነበረብኝ፦ የ32 ሎግ 5፣ የ8 ሎግ 3 ነው፤ ስለዚህ መልሱ 5 ÷ 3። አሁን መልሴን ሁሉ እንዲህ ወደ ፓወር መልሼ ሳላረጋግጥ አላልፍም።

ትናንት ማታ ወደ እኩልታ ገባሁ፦ ሎግ ኤክስ + ሎግ (ኤክስ − 3) = 1። 5 እና −2 አወጣሁ። የአሉታዊ ቁጥር ሎግ ስለሌለ −2ን ጣልኩት፤ 5ን መልሼ ስሞክረው 5 × 2 = 10፣ ሎጉም 1 ሆነ።