ካፖርቴ ቁሌት እንዳይሸት

ሽንኩርት ከመክተፌ በፊት ካፖርቴን እደብቃለሁ። መጀመሪያ ከላውንደሪ ቤት በሚመጣው ረጅም ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥን። በሩ ይዘጋል፤ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ይወተፋል። መስኮት ይከፈታል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ይበራል። ቁሌቱ የሚጀመረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አሜሪካ የኖረ አበሻ ይሄን ሥርዓት ሳላብራራለት ያውቀዋል።

እንዲህ የሆንኩት እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ በረዳት ነርስነት ነው። አንድ ቀን አለቃዬ ወደ ጥግ ጠራችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልብስሽ የቅመም ሽታ አለው፤ አንዳንድ ሰዎች እየተቸገሩ ነው" አለችኝ። በትህትና ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ከሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ዋልኩ። ሊፍቱ ውስጥ ሰው ካለ በደረጃ ወጣሁ።

ሽቶ ረጭቼ እንዳልሸፍነው ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። አስም ያለባቸው አሉ ተብሎ ሠራተኛ ሽቶ አይቀባም። ስለዚህ ለ11 ዓመት ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ምንም ምንም አለመሽተት። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሽታ የሌለው ሎሽን፣ ሽታ የሌለው የልብስ ማጠቢያ። ዕጣን በዓመት ሁለቴ፣ ያውም የጢስ አላርሙን በሻወር ኮፍያ ሸፍኜ። (እናንተ እንዳታደርጉት።)

ታዲያ እንደኔ ያለ ሰው ምን ነክቶት ሽቶ ይገዛል? ይሉኝታ።

ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ የቅዳሜ ገበያ አላት። በነገራችን ላይ፣ የከተማችን ስም ላይ ያለው ስፕሪንግ ጸደይ እንዳይመስላችሁ። ምንጭ ማለት ነው። ፍራንሲስ ብሌር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1840 ሚካ የሚባል ማዕድን የሚያብለጨልጭበት ምንጭ አገኘ፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እና በመጋቢት አጋማሽ ላይ ጎመን ልገዛ ወጥቼ፣ አንዲት ሴት ጠርሙስ ደርድራ አየሁ። ሽቶውን ራሷ ነች የምትቀምመው፣ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ። "የዘንድሮ የጸደይ ሽቶዎቼ ናቸው፤ አምስት ናቸው" አለችና አንዱን በቀጭን ወረቀት ነክራ አቀበለችኝ።

አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። በዚህ ወር የዛፍ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል፤ እኔም ከሚያስነጥሱት ወገን ነኝ። ወረቀቱን አስጠጋሁት። ምንም። ሴትየዋ ፊት ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። "ዋው" አልኩ። ሁለተኛውን ሰጠችኝ። "ዋው"።

ከሦስተኛው በፊት፣ "አፍንጫሽ ይረፍ" ብላ የቡና ፍሬ በትንሽ ብርጭቆ አቀረበችልኝ። ቡና! ለአፍንጫ ማሳረፊያ! እኛ አገር ቡና ሲቆላ የጎረቤት አፍንጫ ሁሉ ይነቃል እንጂ መቼ ያርፋል። በኋላ እንዳነበብኩት፣ ተሞክሮ ከተራ አየር የተሻለ ጥቅም አልተገኘበትም። ሽቶ የሚቀምሙት ሰዎች አፍንጫቸው ሲደክም የራሳቸውን ክንድ እጥፋት ያሸታሉ። አፍንጫ የለመደውን ጠረን ይረሳዋላ። እኔን ስንት ዓመት ያስጨነቀኝም ይሄው ነው። ቤቴ ምን እንደሚሸት እኔ ማወቅ አልችልም። የሚያውቀው እንግዳ ብቻ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አይነግርም።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ሦስተኛውን "ዋው" ካልኩ በኋላ በባዶ እጅ መሄድ አልቻልኩም። አምስቱንም በትንንሽ ብልቃጥ የያዘውን ሳጥን በ30 ዶላር ገዛሁ። አንዱ ብልቃጥ ሁለት ሚሊ ሊትር ነው። ጎመኑን ረስቼው መጣሁ።

ሳጥኑ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የአለርጂ ኪኒኑ ሥራውን ሠርቶ አፍንጫዬ የተከፈተው መጋቢት 26 ቀን፣ በሆሣዕና ዋዜማ ነው። ቀኑን የያዝኩት እማማ ስለነገሩኝ ነው። እማማ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ሥራ ስትገባ እኔ ጋ ወርደው ይጫወታሉ። "ዛሬ ጸደይ ገባ" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። እውነታቸውን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ከፈረንጁ ጋር ይቀራረባል። እኔ ግን ጸደይ ሲባል የሚመጣልኝ መስከረም ነው። አደይ አበባ፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ ሜዳ። ስሙ መጸው ነው ብትሉኝ ልቤ አይሰማም።

ብልቃጦቹን ሲያዩ፣ "በሁዳዴ ሽቶ?" አሉ።

"አንቀባም እማማ፣ እናሸታለን ብቻ።"

ትንሽ አሰቡ። "ማሽተት አያስገድፍም" ብለው ነጠላቸውን ሰበሰብ አድርገው ተቀመጡ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸው ጠየቁኝ። "ለመሆኑ የሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ምን ይባላል?" አላወቅኩም። "የመልካም መዓዛ ቀን! ያቺ ሴት በብልቃጥ ሽቱ ይዛ የመጣችበት። ይሄን ሳታውቂ ነው ሽቶ የምትገዢው?"

የመጀመሪያው የቼሪ አበባ ነው ይላል። ዋሽንግተን ያሉትን የቼሪ ዛፎች የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ ከተማ የተላኩት 3,020 ነበሩ። ሰው ሁሉ ሄዶ ከሥራቸው ፎቶ ይነሣል። አጠገባቸው ቆሞ ያሸተተ ግን ሽታቸው ያለ እንኳ እንደማይመስል ያውቃል። የእኛን መንገድ ግራና ቀኝ በነጭ አበባ የሚሸፍነው ሌላው ዛፍ፣ ብራድፎርድ ፒር የሚሉት፣ እሱስ ያደረ ዓሣ ነው የሚሸተው። እና ይሄ ብልቃጥ ውስጥ ያለው የቼሪ ሽታ ከየት መጣ? እማማ አንዴ አሽትተው፣ "ሻምፑ ነው" አሉ። ዘጋነው።

ሁለተኛው ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የሚሏት ነው። ትንንሽ ነጭ ደወል የምትመስል አበባ ናት። ሽቶው ደስ ይላል፤ ንጹሕ፣ ቀዝቀዝ ያለ። እኔን የገረመኝ ግን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው። ከዚች አበባ በተለመደው መንገድ ሽታዋን አውጥቶ ለገበያ ያበቃ ሰው የለም። ጽጌረዳ ቢቀቅሏት ሽታዋን ትሰጣለች፤ ጃስሚንም በሌላ መንገድ ይሰጣል። እሷ ግን ቢቀቅሏት፣ ቢጨምቋት፣ ቢዘፈዝፏት አትሰጥም። በስሟ የሚሸጠው ሽቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሌላ ነገር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ሽታዋን ማንም ላይ የማትተው አበባ! እኔ 11 ዓመት ደክሜ ያቃተኝን፣ እሷ እንዲሁ ተፈጥራበታለች።

ሦስተኛውን እማማ አሽትተው ዝም አሉ። ወረቀቱን መልሰው አስጠጉት። "ይቺ ጥርኝ አለባት" አሉ።

ሣቅሁ። ወረቀቱን ሳነብ ግን ነጭ አበቦች፣ ማር፣ ሰው ሠራሽ ዝባድ ይላል። ዝባድ ማለት ከጥርኝ የሚወጣው ቅባት ነው። ደነገጥኩ።

እማማ ጅማ ነው ተወልደው ያደጉት። ልጅ ሳሉ አንድ ጎረቤታቸው ጥርኝ በእንጨት ጎጆ አግብቶ ያረባ ነበር። ገንፎም ሥጋም ይመግበዋል። ዝባዱን በየጊዜው ጠርጎ ያወጣና በበሬ ቀንድ ያጠራቅመዋል። ቀንዱ ሲሞላ ነጋዴ ይመጣል። "በዚያ ማለፍ አይቻልም ነበር፣ ይከረፋል! እኛ አፍንጫችንን ይዘን እንሮጣለን። ነጋዴው ግን እንደ ወርቅ ነበር የሚመዝነው" አሉኝ። ያ ሁሉ ክርፋት በጣም በጣም ሲቀጥን አበባውን ያሞቀዋል፤ ቆዳ ላይም ያቆየዋል። የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ለዘመናት ከእኛ አገር የገዙት ለዚህ ነው። ሊዮፖልድ ሩዢችካ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባዱን ዋና ሽታ አሠራር ፈልቅቆ አወጣ። በ1939 ኖቤል ሲሸለም ይሄም ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ ሽቶ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ላቦራቶሪ የተሠራው ነው። ግን አስቡት። የጅማ ክርፋት በበሬ ቀንድ ተሞልቶ አውሮፓ ሲገባ ሽቶ ተባለ። የእኔ ቁሌት ካፖርት ላይ ሆኖ ሦስት ፌርማታ ሲሄድ ወደ ጥግ ተጠራሁ።

አራተኛው ሎሚ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። አንድ ቃል አልጨምርበትም።

አምስተኛው ስሙ "ከዝናብ በኋላ" ነው። ብዙም አልጠበቅኩም። ወረቀቱ ላይ ረጨሁና አወዛወዝኩት። ቄጠማ።

ቄጠማ ይመስላል ማለቴ አይደለም። ገና ከውኃ የወጣ፣ ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ እግር ሥር ቀጭ ቀጭ የሚለው ራሱ። እማማን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። "የት አግኝታው ነው?" አሉ። ምኑን ነው ስላቸው፣ "ቄጠማውን ነዋ!" አሉኝ። ሳልነግራቸው።

ክንዴ ላይ ረጨሁት፤ ጾሙን ረሳሁት መሰለኝ። አሥር ደቂቃ አልቆየም። እንዲህ ያለው የታጨደ ሳር ሽታ ቀላል ነው፤ ቀድሞ ይተናል፣ የገላ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ በረረ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ይሻላል፤ ወረቀት አይሞቅም። ክንዴ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነበር፤ እርጥብ፣ ጨለም ያለ። አፈር ብዬ ተስማማሁ። እማማ አልተስማሙም። ክንዴን ይዘው አሸተቱና፣ "ቀይ ሥር ነው" አሉ።

"እማማ፣ ደግሞ ቀይ ሥር! ጾሙ ነው በያይነቱ ያስመሰለብዎት።"

"ቀይ ሥር ነው አልኩሽ። ያልተላጠ።"

ማታ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ዝናብ ሲነካው መሬት የሚሸተው፣ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ጂኦስሚን የሚባል ነገር ስለሚሠሩ ነው። የሰው አፍንጫ ጠብታው በብዙ ውኃ ቢበጠበጥ እንኳ አይስተውም። ያው ጂኦስሚን ሌላ የት አለ? ቀይ ሥር ውስጥ። ደረጃውን ወጥቼ በራቸውን ላንኳኳ ነበር፤ አራት ሰዓት ሆኖ ነው የተውኩት።

እህቴ አዲስ አበባ ነች። ስልክ ላይ ስነግራት፣ "ላኪልኛ!" አለች። አልኮል ያለበት ሽቶ በፖስታ ወደ ውጭ አገር እንደማይላክ አስረዳኋት። ሰው ሲመጣ በሻንጣ እሰድልሻለሁ ብላት፣ "ስሙ ማን ይባላል?" አለች። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ "ባይሆን የሚታወቀውን ላኪልኝ" አለችኝ። አልፈርድባትም። ስሙ የማይታወቅ ሽቶ ለሠርግ ቤት ሲቀቡት ማን ይጠይቅልሻል።

ቀዳም ስዑር ደረሰ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቄጠማ ታደለ። ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም፤ የእኛው ዓይነት አይደለም፣ ጠንከር ያለ ሳር ነገር ነው። ግንባሬ ላይ አሰርኩት። አጎንብሼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። እማማም እየቆነጠሩ ሲያሸቱት አየኋቸው። ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ሣቃችንን ዋጥን።

ከሰዓት በኋላ የዶሮው ሽንኩርት ነበር። አምስት ኪሎ ሽንኩርት በዚያች ኩሽና! ካፖርቴን ላስቲኩ ውስጥ አስገባሁት። ልዘጋው ስል አንድ ነገር ታየኝ። አምስተኛውን ብልቃጥ አምጥቼ ወረቀቱ ላይ ሁለቴ ረጨሁና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በር ዘጋሁ። ፎጣ ወተፍኩ። እማማ ዶሮ ሊገነጥሉልኝ ወርደው ፎጣውን አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቤቱ እንዳይሸት ነው እማማ።"

"ምን ይሸታል? ቤት ቤት ነው የሚሸተው" አሉና ቢላዋ ጠየቁኝ።

ሰኞ ጠዋት የአሥራ ሁለት ተኩል አውቶቡስ ነው የምይዘው። በዚህ ወር እንኳ የጠዋቱ ብርድ አይቀልድም። ካፖርቴን ከላስቲኩ አወጣሁት። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተውኩት፤ ደንብ ደንብ ነው። ከዚያ እንደ ልማዴ አንገትጌውን አሸተትኩ። ቄጠማው አለ። ሥሩ ደግሞ በርበሬና የተቁላላ ሽንኩርት አለ፤ ላስቲኩም ፎጣውም አላዳነውም። በመስኮት ሳይ አውቶቡሱ ማዕዘኑን እየታጠፈ ነው።

ለበስኩትና ሮጥኩ።