በቀይ እስክሪብቶ የጀመርኩት አስተያየት

መምህራችን ለውክፔዲያ የሚሆን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ፣ ከዚያም አንዳችን የሌላችንን ረቂቅ እንድናይ አዘዘን። ለእኔ የደረሰኝ የክፍል ጓደኛዬ ስለ ስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት የጻፈችው ነበር። ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩና አምስቱንም ገጽ ቀይ በቀይ አደረግኩት። ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ የተምታቱበት እንኳ አልቀረኝም።

ስሰጣት ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ «ምንም የሚረባ ነገር የለውም ማለት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ሐውልቱን ዙሪያውን ዞራ፣ የተቀረጹትን ምስሎች አንድ በአንድ የገለጸችበት ክፍል እኔ ብሞክር የማልችለው ነው። ይህን የሚል አንዲት ቃል ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረችም።

ዋናው ስህተት ደግሞ በቀዩ ውስጥ ተውጧል። ጭፍጨፋው «የካቲት 12 ቀን 1937 ዓ.ም.» ተፈጸመ ይላል፤ ወሩ የእኛ፣ ዓመቱ የፈረንጅ። በእኛ 1937 እኮ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ ዓመታት አልፈዋል! እኔም ላርም ብዬ 7 ቀንሼ፣ በትልቁ «1930» ብዬ ጽፌያለሁ።

«ቆይ፣ ፈረንጆቹ ጥር ላይ ዓመት ቀይረው የለ? የካቲት ከሆነማ የሚቀነሰው 8 ነው፤ 1929» አለች። ልክ ነበረች። ወረቀቱን ተቀብያት አጠፍኩት።

በማግስቱ ማኪያቶ ይዘን እንደ አዲስ ጀመርን። የምስሎቹን ክፍል እንዳትነካው አልኳትና ወደ ሟቾቹ ቁጥር ሄድኩ። «ከ30,000 በላይ» ትላለች። ትናንት ጎኑ ላይ የጻፍኩት «ምንጭ!!» የሚል ብቻ ነበር። አሁን ግን ጠየቅኳት፦ «30,000 ያለው ማነው? ‹በላይ› የሚለውስ ከየት መጣ?» 30,000 የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር ነው፤ ተመራማሪው ኢያን ካምብል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምታል። ሁለቱንም ከነባለቤታቸው ብታስቀምጪስ አልኳት።

«የሞቱትን ያሳነስኩ አይመስልብኝም?» አለች። ቶሎ የምመልሰው ጥያቄ አልነበረም። ትንሽ አሰብኩና «አረመኔው ግራዚያኒ» የሚለውን አሳየኋት። «‹አረመኔው›ን አውጪና ለሦስት ቀን የተደረገውን ጻፊ፤ ቤት ከነሰው መቃጠሉን። አንባቢው ቃሉን ራሱ ይሰጠዋል።» እዚያው እየጻፈች፣ እየሰረዘች አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። የፊደሉን ነገር እኔው አርሜ ልላክልሽ ብዬ ተገላገልን።

ለካ የእኔም ረቂቅ የደረሰው ለእሷ ኖሯል፤ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ስላለው የምኒልክ ሐውልት የጻፍኩት። ሐውልቱ የቆመው የኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ፣ በፈረንጅ 1930 ስለሆነ 1923 ዓ.ም. ብዬ ነበር። ከጎኑ በእርሳስ እንዲህ ጽፋበታለች፦ «ጥቅምት ስለሆነ 7 መቀነስህ ትክክል ነው። ቆጥሬዋለሁ።»