ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ጻፉ

እንደ ዛሬው ያለ አድካሚ ቀን ሲመሽ፣ ስልክ ከመነካካት በፊት ደብተርና እስክሪብቶ አንሡ። በቀኑ ከሆነው መልካም ነገር ሦስት ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር «ለምን ሆነ?» ለሚለው አንድ መስመር መልስ ጨምሩ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰለቸው «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም» እያለ በየቀኑ ያንኑ ስለሚደግም ነው። ትልልቅ ጸጋዎች ናቸው፤ ግን በጥቅሉ ሲደጋገሙ ልብ አይነኩም። ዝርዝሩ ውስጥ ግቡ፦ «ውሃ ሲመጣ ጎረቤቴ ጀሪካኔን ሞልታ ጠበቀችኝ። ለምን? ከሥራ እንደማመሽ ስለምታውቅ።» ይቺ «ለምን» ናት ዋናዋ፤ መልካሙ ነገር ከየት እንደመጣ ታሳያለች።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ለአንድ ሳምንት የሠሩ ሰዎች ላይ የታየው የደስታ ለውጥ ከስድስት ወር በኋላም ነበረ፤ በተለይ ከሳምንቱ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ በቀጠሉት ላይ። በየቀኑ ከከበዳችሁ እሑድ ማታ እስከ አምስት ነገር ጻፉ።

ከዚያ የሰው እጅ ያለበትን መርጣችሁ ደውሉ። «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ ምን እንዳደረገላችሁ፣ መቼ፣ ምን እንዳቀለለላችሁ ንገሩት። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰውን ያበረታል።

አደራ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን «ያለህን ቁጠርና ተመስገን በል» አትበሉት። አብራችሁት ተቀመጡ፣ ያልቅስ። ደብተሩ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።